ከፍ ያለው ዜማ፤ ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም እስከ ስሜን ተራሮች

በስሜን ተራሮች ግርጌ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዋሽንት መንፋት ሲጀምር አስቀድሞ የሚያወጣው ዝቅ ያለውን ድምፅ ነው። ትንፋሹን አጥብቦ ሲያፈጥነው ደግሞ ያው ዋሽንት፣ ጣቱ ከቀዳዳው ሳይነሳ፣ ወደ ላይኛው ድምፅ ይዘላል። ልጁ በጉልበት አወጣዋለሁ ብሎ ከነፋ ግን ዜማው ይጠፋና ፉጨት ብቻ ይቀራል። ላይኛው ድምፅ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ እረኛውም ብዙ ቀን አለው።

በእነዚሁ ተራሮች ላይ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድም በልጅነቱ ቶሎ የሚገባው አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው በ505 ዓ.ም በአክሱም ተወለደ። አባቱ ሲሞት የ7 ዓመት ልጅ ስለነበር እናቱ ለዘመዷ ለአባ ጌዴዎን እንዲያስተምረው ሰጠችው። አባ ጌዴዎን የአክሱም ጽዮን መምህር ነበር። የዕድሜ እኩዮቹ መዝሙረ ዳዊትን እየደገሙ ሲያልፉ ያሬድ ግን የተማረው አልያዝለት አለ። ተገረፈ፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። በመጨረሻ መምህሩን ትቶ ጠፋ።

በመንገድ ደክሞት ማይ ኪራህ በተባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር አረፈ። በዚያም አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞም ሲወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ደረሰ ይባላል። ይህን ታሪክ ያልሰማ የቆሎ ተማሪ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረውም ሰነፍ ተማሪን ለመገሠጽ ነው። የእኔን ልብ የሚይዘው ግን ሌላው ወገኑ ነው። ትሉ በወደቀ ቁጥር አስቀድሞ የወጣውን ግንድ እንደገና ከሥሩ ጀምሮ መውጣት ነበረበት። ያሬድም ወደ መምህሩ ተመልሶ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ የጀመረው ከዚያው ከተወው ከመዝሙረ ዳዊት ነው።

ዜማውን ከኤዶም ገነት ከመጡ ሦስት አዕዋፍ እንደሰማ ገድሉ ይተርካል። በአክሱም ጽዮን ድምፁን ከፍ አድርጎ ባዜመ ጊዜ ንጉሡም ካህናቱም ሥራቸውን ትተው ሊሰሙት እንደተሰበሰቡ ይነገራል። የዜማው ስልት ሦስት ነው፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ግዕዝ የሌሎቹ መሠረት ነው። ዕዝል ጥልቅና ረጋ ያለ ነው። አራራይ ግን ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀጭን፣ ልብን የሚያባባ፣ ትንፋሽን የሚፈትን ዜማ ነው። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥእት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው ተብሎ ይታመናል። በቃላቱ ላይ የሚጻፉትን ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ሊቃውንት ያስተምራሉ። ከዚያ በፊት ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ብቻ ሲሻገር ኖሯል ማለት ነው።

አንድ ቀን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ የተመረኮዘው ጦር የያሬድን እግር ወጋው። ደሙ ፈሰሰ፤ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ነበርና አላወቀም፤ ያሬድም ሕመሙ አልተሰማውም። ዜማው ሲያበቃ ንጉሡ ደነገጠ፤ የፈለገውን ሁሉ እንደሚሰጠውም ቃል ገባለት። ያሬድ የጠየቀው ወርቅም ሹመትም አልነበረም፤ ወደ ስሜን በረሃ ሄዶ በጸሎት እንዲኖር እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡ ቃሉን ማጠፍ አልቻለምና እያዘነ ሸኘው።

ከአክሱም ወደ ስሜን የሚመጣ ሰው ተከዜን ተሻግሮ ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ውርጭ መውጣት አለበት። የስሜን ሰንሰለት ራስ የሆነው ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ቀጭን ነው፤ ዳገቱን የወጣ መንገደኛ ለመናገር እንኳ ትንፋሹ እስኪመለስ ይቆያል። ረጅም ዜማ የሚዘልቅ ሰው ለዕርጅናው ይህን ስፍራ መምረጡ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያሬድ በዚያ እየጾመና ደቀ መዛሙርቱን እያስተማረ ኖረ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሞተ አትልም፤ ግንቦት 11 ቀን ተሰወረ ብላ በየዓመቱ ታስበዋለች።

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ሲቆረቁር ከዚያ ዘመን 1,000 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ከተማዋ ግን የዜማና የአቋቋም ሊቃውንት መዲና ሆነች። በ1880 ዓ.ም ድርቡሾች አብያተ ክርስቲያናቷን ሲያቃጥሉ ብዙ መጻሕፍት አብረው ነደዱ፤ በሊቃውንቱ ቃል የተያዘው ዜማ ግን ከእሳቱ ተረፈ።

ዛሬም ለአራራይ አዲስ የሆነ ተማሪ ጉሮሮውን አጥብቆ ወደ ላይ ይገፋል፤ ድምፁም ይሰነጠቃል። መምህሩ ያስቆመውና ከመነሻው ያስጀምረዋል። በአዲስ አበባ በስሙ በተሰየመው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክላርኔት የሚማር ወጣትም የሚሰናከለው በዚሁ ነው፤ ላይኛውን ድምፅ ፍለጋ አፉ ውስጥ ያለውን ሸምበቆ በከንፈሩ ሲጨቁነው መሣሪያው ይጮኽበታል። ከንፈሩን አላልቶ፣ ጉሮሮውን ከፍቶ፣ ከሆዱ የሚነሳውን ትንፋሽ ሳያቋርጥ መላክን እስኪለምድ ድረስ ረጅሞቹን ዝቅተኛ ድምፆች ደጋግሞ ይነፋል።

በስሜን ሰንሰለት ውስጥ አባ ያሬድ ተብሎ የሚጠራ ተራራ አለ። እረኞቹ ከብቶቻቸውን ይዘው በግርጌው ሲያልፉ ዋሽንታቸውን ይነፋሉ።