ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ባለውለታ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ውለታ የዋሉልንን ስናመሰግን፣ ካርቱም ላይ ልጆቻችንን ተቀብለው ያስተማሩልንን የኮምቦኒ ትምህርት ቤቶች ሳናነሣ ብናልፍ ቅር ይለናል። ስማቸውን በየቀኑ ስንጠራ ብንኖርም፣ የሰውየውን ታሪክ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዳንኤል ኮምቦኒ በ1831 በሰሜን ጣሊያን፣ ጋርዳ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ሊሞኔ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው በሰው የሎሚ እርሻ ላይ የሚሠሩ አትክልተኛ ነበሩ። ከስምንት ልጆች ለአቅመ አዳም የደረሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቤተሰቡ የማስተማር አቅም ስላልነበረው፣ አባ ኒኮላ ማዛ ቬሮና ውስጥ ለድሀ ልጆች ባቋቋሙት አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሩ። በሰው አገር ልጅ ለምናሳድግ ለእኛ ከታሪካቸው ሁሉ ይህ ይበልጥ ይሰማናል።

በ1854 ቅስና ተቀበሉ። በ1858 መጀመሪያ ካርቱም ደርሰው በነጭ ዓባይ ወደ ደቡብ ዘለቁ። ከጓደኞቻቸው መካከል ብዙ ሳይቆዩ በበሽታ የሞቱ ነበሩ፤ እሳቸውም ታመው በ1859 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1861 ደግሞ ወደ ኤደን ወደብ ተልከው ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የተለቀቁ ልጆችን ወደ ቬሮና ወሰዱ። ብዙዎቹ የኦሮሞ ልጆች፣ የአገራችን ልጆች ነበሩ።

አውሮፓዊው በአፍሪካ በረሃ ይሞታል፤ ወደ አውሮፓ የተወሰደው አፍሪካዊም ብርዱን አይችለውም። ኮምቦኒ ይህን አይተው በሴፕቴምበር 1864 ሮም ላይ አንድ ዕቅድ ነደፉ። አፍሪካን የሚያነሷት የራሷ ልጆች ናቸው የሚል ነበር፤ ለሁለቱም በሚስማማ የአህጉሩ ዳርቻ ትምህርት ቤት ተከፍቶ መምህሩም፣ አናጢውም፣ ካህኑም ከአፍሪካውያን እንዲወጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ማሰብ ቀላል አልነበረም። በ1867 ካይሮ ላይ ሥራውን ሲጀምሩም በአውሮፓ የተማሩ አፍሪካውያን ወጣት ሴቶችን ለመምህርነት ይዘው ነበር። የእኅቶችን ማኅበር በ1872 መሠረቱ። ብዙ እናቶቻችን በፍቅር የሚያስታውሷቸው መነኮሳት የዚህ ማኅበር ናቸው።

በ1877 የመካከለኛው አፍሪካ ጳጳስ ሆኑ። ወዲያው ድርቅና ረሀብ መጣ፤ ሚሲዮኑም ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ሰዎቻቸውም በላይ በላዩ አለቁ። እሳቸውም ኦክቶበር 10 ቀን 1881 በ50 ዓመታቸው ካርቱም ላይ አረፉ። ብዙ ሳይቆይ ማህዲስቶች አገሩን ያዙ፣ ካርቱምም በ1885 ወደቀች። ሚሲዮኑ ፈረሰ፤ መቃብራቸው እንኳ አልተረፈም። ያን ጊዜ የተመለከተ ሰው ሁሉም ነገር አበቃ ቢል አይፈረድበትም።

ልጆቻቸው ግን ተመልሰው መጡ። በ1929 ኮምቦኒ ኮሌጅ ካርቱም ላይ ተከፈተ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ክፍል የተማረበት ትምህርት ቤት ነው። የእኛም ልጆች ከሱዳን ልጆች ጎን ተቀምጠው ዓረብኛውንም እንግሊዝኛውንም ቀስመዋል፤ እዚያው ተዋውቀው ዛሬም ወንድምና እኅት የሆኑ አሉ። ኮምቦኒ በ2003 ቅድስናቸው ሲታወጅ ደስታው የካቶሊኮች ብቻ አልነበረም።

በኤፕሪል 2023 በተነሣው ጦርነት ካርቱም ስትታመስ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ እኛም ተበተንን። የኮሌጁ የከፍተኛ ትምህርት ክፍል ግን ወደ ፖርት ሱዳን ተሻግሮ ማስተማሩን ቀጠለ። ከልጆቻችን ጋር እዚያ ለደከሙ መምህራን፣ መነኮሳትና ዘበኞች ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን።