ንፍፊት ውስጥ አፈር ያገኙት ሐኪም

ቆሼ ያደገ ልጅ ይህን ያውቀዋል። የአዲስ አበባውን ቆሻሻ መጣያ ማለቴ አይደለም፤ የበርበሬ አገሯን የማረቆዋን ቆሼ ነው የምላችሁ። በባዶ እግራችን ኳስ ስንጫወት እንቅፋት ይመታናል፣ ጣታችን ይቆስላል። ከዚያ ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት ይወጣል። ቁስሉ እግር ላይ፣ እብጠቱ ብሽሽት ላይ! ለምን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእግር የሚመለሰው ፈሳሽ በቀጫጭን ቱቦዎች አድርጎ ብሽሽት ላይ ባሉ ኬላዎች ያልፋል። ሳይንሱ ሊምፍ ኖድ ይላቸዋል፤ እኛ ሲያብጡ ነው ንፍፊት የምንላቸው። እናት ማህፀን ውስጥ ይሠራሉ፤ ከተወለድን በኋላ ደግሞ ከጀርም ጋር በተገናኙ ቁጥር ውስጣቸው እየተደራጀ ይሄዳል። እዚያ ያሉ በላተኛ ሴሎች የመጣውን ጀርም ይውጣሉ። ሌሎች ሴሎች የጀርሙን ቁራጭ ለነጭ የደም ሴሎች ያሳያሉ። ጀርሙን የሚያውቀው ሴል ይባዛል፣ ኬላው ያብጣል። ንፍፊት ማለት እንግዲህ ውጊያ ላይ ያለ ኬላ ነው።

ጀርም ሳይሆን አፈር ቢመጣስ? ይህን ያሳዩን ብሪታኒያዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው።

ፕራይስ ዕድሜያቸውን ለእግር የሰጡ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች እግር ሥር የሚወጣውን ቁስል አጠኑ። ኢትዮጵያ ሲሠሩ ደግሞ እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ ገበሬዎች ገጠሟቸው። ሕመሙ እንደ እርግማን ይታይ ነበር፤ ታማሚው ከሰው ይገለላል፣ ቤተሰቡም ለጋብቻ ይፈራል። ሐኪሞች የሚያውቁት ዝሆኔ ደግሞ ትንኝ ከምታስተላልፈው ትል የሚመጣውን ነው። የደጋው ታማሚ ላይ ግን ትሉ አይገኝም።

ፕራይስ ፊታቸውን ወደ መሬቱ አዞሩ። በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበትና ሰው ያለ ጫማ በሚሄድበት ደጋ ሆኖ አገኙት። ከዚያ የታማሚዎችን ንፍፊት በማይክሮስኮፕ አዩ። በላተኛ ሴሎቹ ሆድ ውስጥ የአፈር ብናኝ ነበር፤ ሲሊከን፣ አሉሚኒየም። ከሄንደርሰን ጋር ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1978 እና 1979 አሳተሙ። ሴሉ ማዕድን መፍጨት አይችልም። ስለዚህ ውጊያው አያልቅም፤ ቱቦዎቹ ይጠባሉ፣ ይዘጋሉ፣ እግር ያብጣል። ፕራይስ በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አሉት፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ ማለት ነው። መጽሐፋቸው በ1990 ታተመ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶ ነበር። ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ ለምን አንዳንዱ ብቻ ይታመማል? ወላይታ ላይ ተሠርቶ በ2012 የወጣ ጥናት የበሽታ መከላከያ ዘረመል ላይ ልዩነት አገኘ። ፕራይስ ይህን ሳያዩ አልፈዋል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ሒሳቡን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ2006 የወጣ የወላይታ ጥናት አንድ ታማሚ ከዓመቱ የሥራ ቀን 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር አስልቷል። በአገር ደረጃ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ታማሚ አለ ተብሎ ይገመታል። መከላከያው ደግሞ ጫማ ነው!

ሰፈራችሁ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ካለ አትሽሹት፣ አይተላለፍም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል።