ዶማ ያነሱ ንጉሥ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ከጉለሌያችን ራስጌ፣ እንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ። ብዙ ሰው የሚያወሳው ዘውዱን ነው። እኔ ግን ያኔ አገሩ ክፉ ቀን ላይ እንደነበረ ላስታውሳችሁ። የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ መሬቱም ገበሬውም እያለ ማረሻ የሚጎትት ጠፋ። እህል ቢገኝ እንኳ ዋጋው ለድሃ የሚቀመስ አልነበረም። ንጉሡ ታዲያ ጎተራቸውን ለተራበው ከፈቱ። ዶማ ይዘውም ራሳቸው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱ በእጅ መቆፈርን እንዳይንቁ ማለት ነው። ጎተራው ለዕለት ረሃብ ነበር፣ ዶማው ለከርሞ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። እኛም ረሃብ በተነሳ ቁጥር እህሉ በማን ጎተራ እንዳለ ቀድመን ብንጠይቅ ጥሩ ነው ባይ ነኝ።