አውሬዎችን ያናገሩት ፊታውራሪ

ከብቱ በረት ከገባ በኋላ፣ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ የጅብና የአህያ፣ የአንበሳና የጦጣ ተረት ሳይሰማ ያደገ የገጠር ልጅ የለም። አዛውንቱ ስለ ጅብ ሲያወሩ ልጆች ይስቃሉ፤ ጎልማሶች ግን የትኛው ጭቃ ሹም እንደተነካ ያውቁታልና አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ይላሉ። እንዲህ ያለውን ተረት ከእሳት ዳር አንሥተው ወደ መድረክ ያወጡት፣ በአማርኛም የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ዋጋውም ቀላል አልነበረም።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሲደረግ ገና 12 ዓመት አልሞላቸውም፤ ሆኖም ከራስ መኰንን ጋር ዘምተው የዚያን ቀን ውሎ በዐይናቸው አይተዋል። ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ብላቴናውን ሊዮንቲየፍ ለሚባለው ሩሲያዊ አደራ ሰጡት፤ ጉዞውም ወደ ሩሲያ ሆነ።

በዚያ ሞልቻኖቭ የተባሉ ኮሎኔል ቤተሰብ እንደ ልጅ ተቀብሎ አሳደጋቸው። ትምህርታቸው ጦር ነበር፤ በሴንት ፒተርስቡርግ በሚኻኤሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተምረው መኰንን ሆኑ። ይሁን እንጂ ከተማዋ ለአንድ ንቁ ወጣት ከመድፍ ሌላም የምታስተምረው ነበራት። ሩሲያ በዚያ ዘመን የመጻሕፍትና የቴአትር አገር ነበረች። አሌክሳንድሪንስኪ በሚባለው የከተማዋ ቴአትር ቤት፣ ጎጎል የጻፈው በጉበኛ ሹማምንት ላይ የሚያፌዝ ተውኔት ተክለ ሐዋርያት ከመወለዳቸው ከ40 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር፤ ያውም ንጉሠ ነገሥቱ ኒኮላይ በተገኙበት። ክሪሎቭ የተባለው ባለቅኔ ደግሞ ተኩላና ቀበሮን እያናገረ የጌቶችን ስስት የሚዘልፍባቸው የግጥም ተረቶች በሩሲያ ሕፃናት አፍ ላይ ነበሩ። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ሰው፣ ሹማምንት በአደባባይ ቢሳቅባቸው መንግሥት እንደማይፈርስ ዐይቷል።

ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ያሳደጓቸው ራስ መኰንን ሞተዋል፤ ዐፄ ምኒልክም ታመዋል። ዳግም ወደ አውሮፓ ተሻግረው ይህን ጊዜ የእርሻ ትምህርት ቀሰሙ። የመድፍ መኰንን ወደ ማረሻ መዞሩ ለብዙዎች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ለእሳቸው ግን አገር የምትቆመው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነበርና ከመድፉ ይልቅ ማረሻው ይቀድማል። ከዚያም ወደ ፖለቲካው ገቡ፤ በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ካወረዱት ወገኖች አንዱ ሆኑ።

የተውኔቱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን በአዲስ አበባ ቴአትር ይታያል ተብለው ተጠሩ። ሄደው ያገኙት ግን ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነ። በዘፈኑ አልተቀየሙም፤ ቴአትር ማለት ይህ ነው መባሉ ግን አላስቻላቸውም። ቴአትር ምን እንደሆነ በቃል ከማስረዳት ጽፎ ማሳየት ይሻላል ብለው ብዕራቸውን አነሡ። ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ እንዲህ ተወለደ።

በተውኔቱ ውስጥ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ ንግግሩም ቤት በሚመታ ግጥም የተቀመረ ነው። ፈረንሳዊው ላፎንቴን በግጥም የጻፋቸው ተረቶች አርአያ ሆነዋል። ታሪኩ ግን የአገር ቤት ነው፦ ጉቦ፣ ስንፍና፣ ደካማውን የሚበላ ጉልበተኛ፣ አዲስ ነገርን የሚጸየፍ ሹም። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ሲፈታ ለኖረ ሕዝብ ደግሞ የአውሬው ቆዳ ሰም፣ ውስጡ ያለው ሰው ወርቅ መሆኑን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ተውኔቱ በ1910ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ በመኳንንት ፊት ታየ። የሳቁ ነበሩ። ይሁንና ከሳቁ በኋላ ጅቡ ማን ነው የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አልቀረም። ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ተውኔቱ እንዲታገድ፣ የታተመውም መጽሐፍ እንዲሰበሰብ አዘዙ። እገዳው በአንድ ሥራ ላይ ብቻ አልቆመም፤ ቴአትር የሚባለው ነገር ሁሉ ለዓመታት ከመድረክ ወረደ። በንግሥቲቱ ላይ ብቻ መፍረድ ግን ተገቢ አይሆንም። ወቅቱ በቤተ መንግሥት ውስጥ የአሮጌውና የአዲሱ ወገን ትግል የበረታበት ነበር፤ ተውኔቱም ከአዲሱ ወገን የተወረወረ ጦር ተደርጎ መቆጠሩ አያስገርምም።

መድረኩ እንደገና የተከፈተው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ነው። ያን ጊዜ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የመጡት ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ተነሥተው የቴአትሩን ነገር በእጃቸው አስገቡ። ተክለ ሐዋርያት በተውኔት ጸሐፊነት የሚታወቁት ግን በዚያው በታገደው አንድ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ለመድረኩ ያልሆነው ብርታታቸው ለአስተዳደሩ ዋለ። የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ በፕላን ቆረቆሩ፤ አውራጃውንም ለሌሎች አርአያ ሊያደርጉት ደከሙ። የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ የጃፓንን ሕግ እየተመለከቱ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ አሰምተዋል። በጦርነቱ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ልብ ለልብ ሳይገናኙ ቀርተው ወደ ጅቡቲ፣ በኋላም ወደ ማዳጋስካር ተሰደዱ፤ ስደቱም ከድሉ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

የአባትየው የንባብና የቴአትር ፍቅር ግን ከቤታቸው አልወጣም። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ተውኔት ጻፉ፤ አርአያ የተሰኘውንም ልብ ወለድ ለአንባቢ አቀረቡ። የዚህ ልብ ወለድ ባለታሪክ በፈረንሳይ እርሻ ተምሮ ወደ አገሩ የሚመለስ ወጣት ነው። አባትየውን የሚያውቅ አንባቢ ሥዕሉ ከማን እንደተቀዳ መጠርጠሩ አይቀርም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ከስደት ሲመለሱ ሹመት ፍለጋ ደጅ አልጠኑም። ቀድሞ ባስተዳደሩት በጨርጨር ምድር፣ በሂርና፣ መሬት ይዘው ወደ እርሻቸው ገቡ። በ1969 ዓ.ም. በ93 ዓመት ገደማ አረፉ። የሕይወቴ ታሪክ ብለው የጻፉት ወፍራም መጽሐፍ ካረፉ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። እንደ አውሬዎቹ ተውኔት የሰበሰበው አልነበረም፤ በመጻሕፍት መደብር ተሸጠ።