ሻምበል ዴቪድ ሎርድ

ጦርነት በተኳሽ ብቻ አይፈጸምም፤ ስንቅና ጥይት የሚያደርሰውም ከጀግኖች ይቈጠራል። የብሪታንያ አየር ኃይል ሻምበል ዴቪድ ሎርድ ለዚህ ምስክር ነው።

ሎርድ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1913 በአየርላንድ አገር በኮርክ ከተማ ተወለደ። ካህን ለመሆን አስቦ በእስጳንያ በቫላዶሊድ ትምህርት ጀምሮ ነበረ፤ በኋላ ግን ትቶት በ1936 በአየር ኃይል ገባ። በሕንድና በበርማ ግንባር የጭነት አይሮፕላን እየነዳ አገልግሎ በ1943 የበረራ ጀብዱ መስቀል ተሸለመ።

በሴፕቴምበር 19 ቀን 1944 በሆላንድ አገር በአርንሄም ለተከበቡት ወታደሮች ጥይት ሲያደርስ፥ ዳኮታ የምትባለው አይሮፕላኑ በጀርመኖች መድፍ ተመትታ የቀኝ ሞተርዋ ነደደ። እርሱ ግን ወደ 900 ጫማ ዝቅ ብሎ ጭነቱን ጣለ፤ ሁለት ዕቃ መቅረቱን በሰማ ጊዜም እንደ ገና ተመልሶ ጣለ። ከዚህ በኋላ ባልደረቦቹ እንዲዘሉ አዝዞ መሪውን እንደ ያዘ የአይሮፕላኑ ክንፍ ተሰበረ። ከ8ቱ ሰዎች የዳነው 1 ብቻ ነው።

ጭነቱ የወደቀበት ስፍራ አስቀድሞ በጠላት እጅ መግባቱን ሎርድ አላወቀም ነበረ። ስለዚህ ድካሙን ከንቱ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መንግሥቱ በ1945 ከኒሻኖች ሁሉ የበላይ የሆነውን የቪክቶሪያን መስቀል በስሙ ሲሰጥ የመዘነው የሥራውን ፍሬ ሳይሆን አደራውን እስከ ሞት መጠበቁን ነው። አደራ ለተቀበለ ሁሉ፥ ሹምም ቢሆን ካህን፥ የሚጠየቀው ይኸው ነው።