ዶማ የጨበጡ ንጉሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቆቦና የራያ ቆላ ምእመናን! ዳግማዊ አፄ ምኒልክን በዓድዋ ድል ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በዚህ የጾም ወራት ግን ከዓድዋ በፊት ከረሃብ ጋር ያደረጉትን ትግል እናስታውሳችሁ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ዘመን ገብቶ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው የደስታ በሽታ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወረደ። ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል ፈጀ ይባላል። ዝናብ ቀረ፤ የተረፈውን ቡቃያም አንበጣና ተምች በላው። አንተ የማሽላና የጤፍ ገበሬ፣ በሬ ማጣት ምን እንደሆነ ላንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዝናቡ ቢመለስ እንኳ በሬ የለምና መሬቱ ጦሙን አደረ።

ታዲያ መንግሥት እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ያድርግ? ምኒልክ በመጀመሪያ ጎተራቸውን ከፍተው የተራበውን አበሉ። ግን ጎተራ ያልቃል። ስለዚህ በበሬ ፈንታ ሰው በእጁ እንዲቆፍር አዘዙ። አዘው ብቻ አልተቀመጡም፤ ራሳቸው ዶማ ይዘው ማሳ ወረዱ። ንጉሥ ሲቆፍር መኳንንቱ ምን ይበሉ? እነሱም ተከተሉ። ቁፋሮ ነውር መሆኑ ቀረ።

ሦስተኛው ሥራቸው ብዙ አይወራም፤ ለገበሬው ግን ትልቅ ነበር። በዚያ ዘመን ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ የቤተሰቡን እህል ይበላ ነበር። በ1884/85 ዓ.ም. ንጉሡ ገበሬው ከምርቱ አሥራት ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ ደነገጉ። ትእዛዙ በየቦታው እኩል ተፈጸመ ማለት አይደለም። ቢሆንም ልኩ የታወቀ ግብርና ልክ የሌለው ዝርፊያ አንድ አይደሉም። ዮሴፍም በግብፅ በጥጋቡ ዘመን ከአምስት አንዱን ሰብስቦ ለክፉው ዘመን አላስቀመጠም? ልዩነቱ ዮሴፍ አስቀድሞ ማወቁ ነው።

ዜና መዋዕላቸውን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ ንጉሡ ሕዝቡ ያጣውን የበሬ ሥጋ እርሳቸውም እንደተዉ ይተርካሉ። እስቲ ይህን አስቡት! ቀኖና አላስገደዳቸውም፤ የወገን ረሃብ ነው ያስጾማቸው።

ምኒልክ ሰው ናቸው፤ ከነስሕተታቸው እናስባቸው። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ብዙ ከብትም ተነድቷል። የአንዱን በረት ለመሙላት የሌላውን ባዶ ማድረግ በእግዚአብሔር ፊት ጽድቅ አይሆንም።

ወገኖቼ፣ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ረሃቡን ደብቆ ነበር። በ1977ም ቆቦና ኮረም ያዩትን ሽማግሌዎቻችሁ ያውቁታል። ረሃብን ድርቅ ብቻውን አያመጣውም፤ የገዥ ዝምታና የሀብታም ጎተራ መዘጋትም ያከፉታል።

አንተ ነጋዴ፣ ዋጋ እስኪወደድ እህል ደብቀህ ሥጋና ወተት ብትተው ምን ጾም አለህ? አንቺስ እናቴ፣ ከቁርስሽ የተረፈው ለማን ሄደ? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበ እንጀራ ማካፈል መሆኑን ያስተምረናል። በሬ ያለህ በሬ ለሌለው አንድ ቀን እረስለት። ዘር ያለሽ ዘር አበድሪ፤ ወለድ ግን አትጠይቂ። ሹም የሆንክ የተራበውን ቁጥር አትቀንስ፤ እውነቱን ቶሎ ተናገር።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ነው። ዙፋናቸው አለፈ። ለተራበ የቆፈሩባት ዶማ ግን እስከ ዛሬ ትነገራለች። የእኛስ ምን ይነገርልን ይሆን?

ጾሙን የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።