ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከተጫዋችነት እስከ አሠልጣኝነት

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔና በዜማ ሲታወቁ፣ ልጃቸው ግን ለኳስ አደሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ 23 ዓመታት ተሰልፈው፣ በ1950 ዓ.ም. ጫማቸውን ሰቀሉ።

በአሠልጣኝነት ዘመናቸው የተፈተኑበት ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቡድናቸው በግብጽ ሁለት ጊዜ ተመራ። ጨዋታው ሊያበቃ 6 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2። ጎሎቹ የተጫዋቾቹ ናቸው፤ ሁለቴ ተመርቶ ያልተበተነ ቡድን ግን የአሠልጣኙም ሥራ ነው።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት እየመሩ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ አጥብቀው ተቃወሙ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በዚያው ኃላፊነት ላይ እንዳሉ ዐረፉ።